የሞተር ሳይክል የኋላ መብራትና ፍሬቻ ወደ ኤልኢዲ ስትቀይሩ፦ ሽቦ ከመቁረጣችሁ በፊት የሚለካው

የኋላ መብራትን ባለቤቱ አያየውም። የፊቱ ሲደክም መንገዱ ስለሚጨልምባችሁ ያኑ ቀን ታውቁታላችሁ፣ የኋላው ግን ተቃጥሎ ሳምንት ሙሉ ልትነዱ ትችላላችሁ፣ የሚያውቀው ከኋላ የሚመጣው ሹፌር ብቻ ነው፣ እሱም ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ከዘገየ በኋላ ነው። እኔ ወደ ኤልኢዲ (በትንሽ ኤሌክትሮኒክ ቺፕ የሚበራ መብራት) የቀየርኩት ለማማር ብዬ አይደለም፣ አምፖሉ በንዝረት ፊላመንቱ (ውስጡ ግላ የምታበራው ቀጭን ሽቦ) እየተበጠሰ አስቸግሮኝ ነው፣ መጨረሻ ላይ ከኋላዬ ሲነዳ የነበረ ጓደኛዬ አስቁሞኝ "ፍሬን ስትይዝ ምንም አይበራም እኮ" ብሎ ሲነግረኝ በጣም ደነገጥኩ፣ ስንት ቀን እንደዛ እንደነዳሁ ራሴም አላውቅም። ከዛ ወዲህ የራሴንም የጓደኞቼንም ሞተር ስቀይር ያየሁትን ነው የምጽፍላችሁ፣ ትንሽ ይረዝማል፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ስለምቆይ ነው።

መጀመሪያ ጥቅሙን ላስቀምጥ። የድሮው አምፖል ፍሬን ስትይዙ ፊላመንቱ ግሎ በደንብ እስኪበራ ወደ 0.2 ሰከንድ ይፈጅበታል፣ ኤልኢዲ ግን ወዲያው ነው የሚበራው። 0.2 ሰከንድ ምን አላት ትሉ ይሆናል፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚመጣ መኪና በዚች ጊዜ ከ3 ሜትር በላይ ይሄዳል፣ በ100 ከሆነ ደግሞ 5 ሜትር ተኩል ገደማ። ከኋላችሁ ላለው ሰው ያን ያህል ቦታ ሰጣችሁት ማለት ነው። በዛ ላይ ፊላመንት ስለሌለው ንዝረት በቀላሉ አይገድለውም፣ ባትሪም አይበላም፣ 21 ዋት ይወስድ የነበረው ስቶፕ (የፍሬን መብራቱ) ወደ 2 ወይ 3 ዋት ይወርዳል። ግን ይሄ ትንሽ መውሰዱ ራሱ ነው በኋላ ፍሬቻው ላይ ችግር የሚያመጣው፣ እሱን ስንደርስ እናየዋለን።

እቃ ስትመርጡ

ሁለት መንገድ አለ፣ ወይ የነበረውን መብራት ትታችሁ በዛው ሶኬት የሚገባ የኤልኢዲ አምፖል መክተት፣ ወይ ሙሉ መብራቱን ከነቤቱ መቀየር። አምፖል ብቻ መቀየር የ10 ደቂቃ ስራ ነው፣ ግን የድሮው መብራት ውስጡ ያለው አንጸባራቂ የተሰራው ብርሃኑ መሃል ላይ ካለች ትንሽ ፊላመንት ወደ ሁሉም አቅጣጫ እንደሚወጣ ታስቦ ነው። የኤልኢዲ አምፖል ደግሞ አንዳንዱ ብርሃኑን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚወረውረው፣ ቀጥ ብሎ ከኋላ ለሚያየው ዓይን ይወጋል፣ ትንሽ ወደ ጎን ላለው ሰው ግን የጠፋ ይመስላል። ስለዚ አምፖል ከሆነ የምትገዙት ጫፉ ላይ ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን ጎኑ ላይም ቺፕ ያለበትን ውሰዱ። ሙሉ መብራት ከሆነ ይሄ ችግር የለም፣ ሲሰራ ጀምሮ ለኤልኢዲ ተብሎ ስለተሰራ።

ቀለም ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል፣ የመብራቱ ፕላስቲክ ቀይ ከሆነ ውስጡ ነጭ ኤልኢዲ ከገባ ጥሩ ቀይ ይሆናል ብሎ ያስባል፣ አይሆንም። የድሮው አምፖል ብርሃን ውስጥ ቀይ በብዛት አለ፣ የነጭ ኤልኢዲ ብርሃን ውስጥ ግን ቀዩ ትንሽ ነው፣ ፕላስቲኩ ሌላውን ቀለም አስቀርቶ ቀዩን ብቻ ስለሚያሳልፍ የሚወጣው የደከመና ወደ ሮዝ የሚሄድ ነገር ነው። ቀይ ሽፋን ቀይ ኤልኢዲ፣ ብርቱካናማ ሽፋን ብርቱካናማ ኤልኢዲ፣ በቃ። ነገር ግን እዚጋ አንድ የምትረሳ ነገር አለች፣ የብዙ ሞተር የኋላ መብራት ከስሩ ታርጋ የምታበራ ግልጽ መስኮት አለችው፣ ቀይ ኤልኢዲ አምፖል ከከተታችሁ ማታ ታርጋችሁ ቀይ ሆኖ ያድራል፣ አይነበብም። መስኮት ካለው ወደ ታች የሚያይ ነጭ ቺፕ ያለበትን አምፖል ፈልጉ፣ ወይ ለታርጋው ለብቻው ትንሽ ነጭ መብራት ጨምሩ።

ከሁሉም በላይ ግን ማየት ያለባችሁ በኋላ መብራቱና በስቶፑ መሃል ያለውን ልዩነት ነው። የድሮው አምፖል ሁለት ፊላመንት ነበረው፣ አንዱ 5 ዋት ለማታ የሚበራው፣ ሌላው 21 ዋት ለፍሬን፣ እና ልዩነቱ ሕጻን ልጅ እንኳን ያየዋል። አንዳንድ ኤልኢዲ ላይ ግን የማታው ራሱ ከመጠን በላይ ደማቅ ይሆንና ፍሬን ስትይዙ የሚጨምረው ትንሽ ነገር ነው፣ ከኋላ ያለው ሰው ፍሬን ያዘ አልያዘ የሚለውን መለየት አይችልም። እንዲህ አይነቱ መብራት ምንም ያምር እኔ ሞተሬ ላይ አላደርገውም። ከመግጠማችሁ በፊት በባትሪ አብርታችሁ 15 ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ፣ ቢቻል በቀን ብርሃንም በማታም፣ እዩት።

ፍሬቻው ከኋላ መብራቱ ጋ በአንድ ቤት ውስጥ ተጠቃሎ የሚመጣም አለ፣ 5 ሽቦ ያለው። ንጹህ ይመስላል፣ ጭራው ያምራል፣ ግን ግራና ቀኙ በጣም ስለሚቀራረቡ ማታ ከርቀት የትኛው ወገን ብልጭ እንደሚል አይለይም። የተባበሩት መንግሥታት የሞተር ሳይክል መብራት ደንብ ቁጥር 53 የኋላ ፍሬቻዎች ቢያንስ 180 ሚሊ ሜትር፣ የፊቶቹ ቢያንስ 240 ሚሊ ሜትር እንዲራራቁ የሚለው ለዚህ ነው። የተጠቃለለውን ብትገጥሙ እንኳን የጎኖቹን ፍሬቻዎች አታንሱ።

ሞተራችሁ የሚሰጠው ምን አይነት ኤሌክትሪክ ነው?

እዚህ ላይ ነው ቆም በሉ የምላችሁ። ትንንሽ ሞተሮች ላይ፣ በተለይ ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያሉት የቆዩት ላይ፣ ሁሉም መብራት ከባትሪ አይደለም የሚበላው። የፊት መብራቱና አንዳንዴ የኋላው የማታ መብራት በቀጥታ ከጄኔሬተሩ ጥቅል በኤሲ (አቅጣጫው እየተቀያየረ በሚመጣ ኤሌክትሪክ) ነው የሚሰሩት፣ ስቶፑ፣ ፍሬቻውና ክላክሱ ደግሞ ከባትሪ በዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚሄደው)። ለድሮው አምፖል ኤሲ ሆነ ዲሲ ግድ የለውም፣ ፊላመንት ነው ይግላል ይበራል። ኤልኢዲ ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚያሳልፈው፣ በኤሲ ላይ ስትገጥሙት ግማሹን ጊዜ ይጠፋል ግማሹን ይበራል፣ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ሲርገበገብ በዓይን ይታያል፣ በተቃራኒው የሚመጣውን ቮልቴጅ መቋቋም ስለማይችልም ብዙ ሳይቆይ ይሞታል። ከዛ ሰው "እቃው ውሸት ነው" ይላል፣ እቃው ምንም አላጠፋም።

እንዴት ታውቃላችሁ፣ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ክፈቱና የመብራት ማብሪያውን አብሩ። የኋላው ከበራ ዲሲ ነው፣ ከባትሪ ነው የሚበላው። ካልበራና ሞተሩ ሲነሳ ብቻ ከበራ፣ ጋዝ ስትሰጡም እየደመቀ ከሄደ፣ ኤሲ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። መጠርጠር ብቻ ግን አይበቃም፣ አንዳንድ ሞተር ዲሲ ሆኖም ሞተሩ እስኪነሳ መብራቱን በሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሰራ ማብሪያ ማጥፊያ) የሚያቆይ አለ። ስለዚ ሞተሩ ስራ ላይ እያለ ቴስተራችሁን (የቮልት መለኪያውን) መጀመሪያ በዲሲ ከዛ በኤሲ አድርጋችሁ የመብራቱን ሽቦ ለኩ፣ በዲሲ ዜሮ አካባቢ በኤሲ ግን 12 ቮልት አካባቢ ካሳየ ጥርጣሬው እውነት ነው።

ኤሲ ከሆነ መፍትሄው ከባድ አይደለም። ወደ ኋላ መብራቱ የሚመጣውን የኤሲ ሽቦ ጫፉን በደንብ አሽጋችሁ ወደ ጎን አስቀምጡት፣ ለፊት መብራቱና ለዳሽቦርዱ የሚሄደውን አትንኩ፣ ከዛ ለኤልኢዲው ቁልፍ ሲከፈት ብቻ 12 ቮልት የሚመጣበትን የዲሲ ሽቦ ፈልጉ። ቅርብ ሆኖ የምታገኙት ለፍሬን ስዊቹ የሚሄደው ፖዘቲቭ ነው፣ ስዊቹ ጋ ከሚገቡት ሁለት ሽቦዎች ፍሬን ሳትይዙም 12 ቮልት ያለበት እሱ ነው። ከዛ ላይ ስትወስዱ ቁልፍ በከፈታችሁ ቁጥር የኋላ መብራቱ ይበራል ማለት ነው፣ ለኔ እንደውም እንደዛ ይሻላል፣ ማብራት አትረሱም።

ሽቦዎቹን መለየት

ስራ ከመጀመራችሁ በፊት ቁልፉ ይዘጋ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ፣ ለመለካት ብቻ ስትፈልጉ መልሱት። አሮጌውን መብራት ስታወጡ ሶስት ሽቦ ነው የምታገኙት፣ ግራውንድ (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው)፣ የማታ መብራት፣ ስቶፕ። ቀለም ይረዳል፣ ለምሳሌ ሆንዳ ላይ በተለምዶ አረንጓዴ ግራውንድ ነው፣ ቡናማ የማታው፣ አረንጓዴ ላይ ቢጫ መስመር ያለው ስቶፕ፣ ብርቱካናማ የግራ ፍሬቻ፣ ውሃ ሰማያዊ የቀኝ ፍሬቻ። ያማሃ ላይ ደግሞ ጥቁር ግራውንድ፣ ሰማያዊ የማታው፣ ቢጫ ስቶፕ፣ ጥቁር ቡናማ ግራ፣ ጥቁር አረንጓዴ ቀኝ። ሆንዳ ላይ አረንጓዴ ግራውንድ መሆኑን ልብ በሉልኝ፣ ጥቁር ሁሉ ኔጌቲቭ ነው ብሎ የሚሰራ ሰው ሆንዳ ላይ ሲደርስ ጥቁሩ ቁልፍ ሲከፈት ፖዘቲቭ የሚመጣበት ስለሆነ ፊውዝ ያቃጥላል። ሞተሩ ከዚህ በፊት በሌላ እጅ የተነካካ ከሆነ ደግሞ ቀለም ጭራሽ አትመኑ። ቁልፍ ክፈቱ፣ የቴስተሩን ጥቁር ገመድ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አድርጉና በቀዩ አንድ በአንድ ንኩ፣ መብራት ስታበሩ 12 ቮልት የሚመጣበት የማታው ነው፣ ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚመጣበት ስቶፕ ነው። የቀረው ግራውንድ ነው ብላችሁ አትዝለሉት፣ ቁልፉን ዝጉና በኦም አድርጋችሁ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋ ለኩት፣ ዜሮ አካባቢ ካላሳየ የሆነ ቦታ ዝጓል ወይ ላልቷል፣ አሁኑኑ አስተካክሉት።

የአዲሱን መብራት ሽቦዎች ለመለየት እኔ የምጠቀመው ትንሿን አራት ማዕዘን 9 ቮልት ባትሪ ነው። ኃይሏ ትንሽ ስለሆነ ብትሳሳቱም የምታጠፋው ነገር የለም፣ የ12 ቮልት ኤልኢዲን ግን ደከም አድርጋ ብዙ ጊዜ ታበራዋለች። ግራውንድ ነው ብላችሁ የገመታችሁትን ኔጌቲቩ ላይ አድርጉና ሌሎቹን ሁለቱን በየተራ ፖዘቲቭ ላይ ንኩ፣ ፈዘዝ ብሎ የበራው የማታው፣ ደመቅ ያለው ስቶፕ። ምንም ካልበራ ግምታችሁን ቀይሩ፣ አምፖል በየትም በኩል ይበራል፣ ኤልኢዲ ግን ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ከተገለበጠ አይበራም። ይሄን ማወቅ ብዙ ሰው አዲስ ፍሬቻ "ተቃጥሎ ነው የመጣው" ብሎ እንዳይመልስ ያደርገዋል።

መግጠም

የአብዛኛው ከውጭ የሚገዛ ፍሬቻ እግር 8 ወይ 10 ሚሊ ሜትር ብሎን ነው፣ የሞተራችሁ ቀዳዳ ከዛ ከሰፋ ሮንዴላ ከሁለቱም ወገን አድርጉለት፣ ላስቲክ ካለው ደግሞ ላስቲኩን እንዳታስቀሩት። ዳዶውን ከልክ በላይ አታጥብቁ፣ ብዙ ጊዜ ብሎኑ ባዶና ሽቦ የሚያልፍበት ስለሆነ በቀላሉ ይቆረጣል። የድሮው ፍሬቻ ብረት እግር ከነበረው ግራውንዱን የሚያገኘው በራሱ አካል ከሻሲው ነበር ማለት ነው፣ አዲሱ ፕላስቲክ ከሆነ ግራውንድ ሽቦ ለብቻው መሳብ አለባችሁ። ቀለም የተቀባ ብረት ላይ ግራውንድ አይሰራም፣ ፋቅ ፋቅ አድርጋችሁ ንጹህ ብረት ላይ እሰሩት ወይ ደግሞ፣ እኔ የምወደው እሱን ነው፣ ከዋናው የሽቦ ጥቅል ግራውንድ ጋ አገናኙት።

ሽቦውን ስታሳልፉ የኋላ ጎማው ጉድጓድ ላይ ሲዘል እስከየት ድረስ እንደሚወጣ አስቡ፣ ፓራፋንጎ ስር የተንጠለጠለ ሽቦ አንድ ቀን ጎማ ይነካዋል። የፊቶቹን ደግሞ መሪውን እስከ መጨረሻ ግራም ቀኝም አዙራችሁ የማይወጠር መሆኑን አይታችሁ ነው የምታስሩት። መብራቱ ውሃ የምታወርድ ትንሽ ቀዳዳ ካለችው ወደ ታች ትሁን፣ በሲሊኮን አትድፈኗት፣ የገባ ውሃ መውጫ ያጣል።

አሁን ፍሬቻው ለምን እንደዛ ይሆናል

ገጥማችሁ ጨርሳችሁ ወደ ግራ ስትሉት ፍሬቻው እንደ እብድ በፍጥነት ብልጭ ብልጭ ይላል፣ ወይ ደግሞ በርቶ ቀጥ ብሎ ይቀራል። ሁለቱም የሚመጣው ከፍላሸሩ ነው፣ የፍሬቻ ሪሌይ የምንለው ያቺ ቲክ ቲክ የምትል እቃ። የድሮው አይነት ውስጡ የሚያልፈው ከረንት ብረቷን ሲያግላት ታጥፋ የምትለያይና የምትገናኝ ናት፣ ሁለት 21 ዋት አምፖል ሲበራ 3 ተኩል አምፒር ገደማ ያልፋል፣ ሁለት ኤልኢዲ ሲሆን ግን 0.3 አምፒር አካባቢ ብቻ፣ ስለዚ አትግልም፣ በርታ ትቀራለች። ኤሌክትሮኒክ የሆነው አይነት ደግሞ ከረንቱን ይለካል፣ ሲያንስበት "አንዱ አምፖል ተቃጥሏል" ብሎ ነጂውን ለማስጠንቀቅ ነው የሚፈጥነው። ማለትም ሪሌዩ ስራውን እየሰራ ነው።

መፍትሄው ሁለት ነው፣ አንደኛው በእያንዳንዱ ፍሬቻ ጎን ሬዚስተር (ከረንት እየወሰደ ወደ ሙቀት የሚለውጥ እቃ) መጨመር ነው፣ በፖዘቲቭና በግራውንዱ መሃል። 21 ዋት የነበረውን ለመተካት 6.8 ኦም፣ 10 ዋት የነበረውን ለመተካት ደግሞ 15 ኦም አካባቢ፣ 50 ዋት የሚችል አይነት። ይሰራል፣ ግን እኔ አልመክረውም፣ ያተረፋችሁትን ኤሌክትሪክ መልሳችሁ ወደ ሙቀት ነው የምትለውጡት፣ ሬዚስተሩ እጅ እስኪያቃጥል ይግላል፣ ፕላስቲክ ላይ ወይ ሽቦ ጥቅል ላይ ከታሰረ ያቀልጣል። የግድ ከሆነባችሁ ብረት ላይ በብሎን እሰሩት። ፍሬቻውን በኮምፒዩተር የሚቆጣጠሩ አዳዲስ ሞተሮች ላይ ሪሌይ የሚባል የሚነቀል ነገር ስለሌለ እዛ ላይ ሬዚስተር ወይም ለኮምፒዩተሩ የሚሆን ማስተካከያ ብቻ ነው ያለው።

ሌላው ሁሉ ሞተር ላይ ግን ለኤልኢዲ የሚሆን ፍላሸር መቀየር ነው የሚሻለው፣ ይሄ ከረንት አይለካም፣ በራሱ ሰዓት ነው የሚያበራ የሚያጠፋው። የት እንዳለ ለማግኘት ፍሬቻ አብርታችሁ ድምጹን ተከተሉ፣ ብዙ ጊዜ ወይ ከመቀመጫው ስር ወይ ከጎን ፕላስቲኩ ጀርባ ወይ ከፊት መብራቱ ጀርባ ነው፣ ድምጽ ከሌለው በእጅ ስትነኩት ሲመታ ይሰማችኋል። ከመግዛታችሁ በፊት ስንት እግር እንዳለው እዩ። ባለ ሁለት እግሩ አንዱ ቢ ነው ፖዘቲቭ የሚገባበት፣ ሌላው ኤል ነው ወደ ማብሪያው የሚሄደው። ባለ ሶስት እግሩ ላይ ኢ የሚባል ግራውንድ ይጨመራል። ድሮ ለነበረው ሪሌይ ቢና ኤል ቢገለበጡም ብዙም አይለውም ነበር፣ አዲሱ ኤሌክትሮኒክ ግን ከተገለበጠ አይሰራም፣ አንዳንዱም ይበላሻል። የእግሮቹ አቀማመጥ ከአንዱ ሰሪ ወደ ሌላው ስለሚለያይ ቅርጹ ስለገጠመ ብቻ አትሰኩት፣ ሪሌዩን ነቅላችሁ ቁልፍ ክፈቱና ሶኬቱን ለኩ፣ 12 ቮልት ያለበት ቀዳዳ ቢ ነው። አንዳንድ ባለ ሁለት እግር የኤልኢዲ ፍላሸር ከጎኑ ቀጭን ጥቁር ሽቦ ይወጣዋል፣ እሷ ግራውንድ ናት፣ ትርፍ መስላ አትቆረጥም።

ሁሉንም ቀይራችሁ አሁንም ካልሰራ አንድ ፈጣን ፍተሻ አለች። ሪሌዩን ንቀሉ፣ ቢና ኤልን በአጭር ሽቦ አገናኙና ፍሬቻ አብሩ። የዛ ወገን ሁለቱም ፍሬቻዎች ሳይጠፉ ከበሩ መብራቶቹም ማብሪያውም ሽቦውም ደህና ናቸው፣ ችግሩ ሪሌዩ ወይ አሰካኩ ነው። ካልበሩ ሪሌዩን ተዉትና ግራውንድ ፈልጉ።

ሲሰራ ፍጥነቱን በሰዓት ቁጠሩት፣ በደንቡ በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ ነው ብልጭ ማለት ያለበት፣ 90 አካባቢ ለዓይን ደህና ነው። ፍጥነቱን የምታስተካክሉበት ቦታ ያለው ፍላሸርም ይገኛል።

አራቱም አንዴ ሲበሩ

ይሄኛው ሰውን በጣም ነው የሚያደክመው። ፍላሸሩን ቀይራችኋል፣ ፍጥነቱ ልክ ነው፣ ግን ግራ ስትሉት ቀኙም አብሮ ይበራል፣ አራቱም ልክ እንደ አደጋ ምልክት። እኔ መጀመሪያ ያጋጠመኝ ጊዜ ሁለት ቀን ሙሉ ሽቦ ተነካክቷል ብዬ ጥቅሉን ስፈታ ነው ያሳለፍኩት፣ አንድም የተነካካ ሽቦ አልነበረም።

ዳሽቦርዳችሁን እዩ፣ የፍሬቻ ምልክቱ አንድ ብቻ ከሆነ (ለግራም ለቀኝም የሚበራው አንዱ) ምክንያቱ እሱ ነው። ያቺ ትንሽ አምፖል አንዱ እግሯ ከግራ ፍሬቻ ሽቦ፣ ሌላው ከቀኝ ፍሬቻ ሽቦ ጋ ነው የተያያዘው፣ የራሷ ግራውንድ የላትም። ግራ ሲበራ ከረንቱ በሷ በኩል አልፎ ግራውንዱን የሚያገኘው በቀኝ አምፖሎች ውስጥ ነው። የድሮዎቹ አምፖሎች በዛች ትንሽ ከረንት አይበሩም ነበር፣ ኤልኢዲ ግን ትንሿ ትበቃዋለች፣ ይበራል።

መፍትሄው ሁለት ዳዮድ (ከረንት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ እቃ) ነው፣ ዋን ኤን 4007 የሚባለው በየኤሌክትሮኒክስ ሰሪው የሚገኝ 1 አምፒር የሚችል ይበቃል። ከግራ ሽቦ አንድ፣ ከቀኝ ሽቦ አንድ፣ ነጭ ቀለበት ያለበት ጫፋቸው ወደ አምፖሏ እያየ፣ ሁለቱን ቀለበት ያለባቸውን ጫፎች አንድ ላይ አድርጋችሁ ወደ አምፖሏ አንድ እግር ስደዱ፣ ሌላውን እግሯን ከድሮው ሽቦ ለዩና ግራውንድ ስጡት። አሁን ከግራም ከቀኝም ወደ አምፖሏ መግባት ይቻላል፣ ከአምፖሏ ወደ ሌላው ወገን ማለፍ ግን አይቻልም። ዳዮዶቹን በሙቀት በሚኮማተር ፕላስቲክ ቱቦ ሸፍኗቸው፣ ራቁታቸውን ዳሽቦርድ ውስጥ አትተዋቸው። ይሄ የተዘጋጀ ሽቦ ሆኖ ዳዮዱ ውስጡ ያለበትም ይሸጣል። ዳሽቦርዳችሁ ላይ ግራና ቀኝ ለየብቻ ሁለት ምልክት ካለ ግን ይሄ ሁሉ ባብዛኛው አይመለከታችሁም።

ግንኙነቱን ስትጨርሱ

ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ለዛሬ ይሰራል፣ ዝናብና ንዝረት ሲመጣ ግን ያ ቦታ ነው መጀመሪያ የሚላቀቀው። ሽቦ ሳይቆረጥ ነክሶ የሚይዘውን መቀጠያም አልወደውም፣ ክሩን ይቆርጠዋል ውሃም ያስገባል። በፒንሳ የሚጨመቅ ወንድና ሴት ኮኔክተር አድርጉ፣ ላዩን በሚኮማተር ቱቦ ሸፍኑ፣ ነገ መንቀል ብትፈልጉም ይቀላችኋል። በሊድ መበየድም ይቻላል፣ ግን የተበየደው ቦታ ስለሚደርቅ ንዝረት ጫፉ ላይ ይሰብረዋል፣ ከበየዳችሁ ከግራና ከቀኙ በፕላስቲክ ማሰሪያ ከሌላ ነገር ጋ እሰሩት እንዳይወዛወዝ። ፊውዙን ደግሞ ከነበረው አታሳድጉ፣ ኤልኢዲ የሚወስደው ትንሽ ስለሆነ ፊውዝ ከተቃጠለ የሆነ ቦታ ተነካክቷል ማለት ነው።

ፍተሻው በሁለት ሰው ይሁን፣ አንዱ ሞተሩ ላይ አንዱ ከኋላ ራቅ ብሎ። የእጅ ፍሬን ብቻ፣ ከዛ የእግር ፍሬን ብቻ፣ ለየብቻ፣ ምክንያቱም ሁለት የተለያየ ስዊች ነው ያላቸው፣ አንዱ ከሞተ ሁለቱን አንድ ላይ ስትይዙ አይታወቅም። የማታው በርቶ እያለ ፍሬን ያዙ፣ ፍሬን ይዛችሁ ግራ በሉ፣ ከዛ ቀኝ፣ ከዛ ክላክስ ጨምሩበት። ፍሬቻ ስታበሩ ስቶፑም አብሮ የሚርገበገብ ከሆነ ግራውንዱ ደካማ ነው፣ ተመለሱና እሱን አጥብቁ። ሞተሩን አስነስታችሁም ድገሙት፣ ባትሪው ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት አካባቢ መሆኑን ለኩ፣ ጋዝ ስትሰጡ ከ15 በላይ የሚሄድ ከሆነ ሬጉሌተሩ (ቮልቴጁን የሚቆጣጠረው እቃ) ተበላሽቷል፣ እሱን ሳትቀይሩ አዲሶቹን መብራቶች አታብሩባቸው፣ ያቃጥላቸዋል።

ከዛ አንድ ሳምንት ያህል ከነዳችሁ በኋላ ወንበሩን አንስታችሁ ማሰሪያዎቹንና ኮኔክተሮቹን በእጅ ሳብ ሳብ አድርጋችሁ እዩ፣ የፍሬቻዎቹን ዳዶም እንደገና ንኩ፣ አዲስ ላስቲክ ከተቀመጠ በኋላ ትንሽ ይላላል።